አስታን በቅጠሉ ብቻ አትፈልጉት

ይህ አስታ ስለሚባለው የተራራ ቁጥቋጦ በተራራ ተጓዦች የምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ መንተባተቤን ከማውጣቴ በቀር እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ባዶ ቦታ አለ። አይዟችሁ፣ ጥያቄ አልጠይቅም። እሺ፣ እጠይቃለሁ፤ ግን ስም አልጠራም።

በመጀመሪያ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ጭላዳ ወይም ስለ ዋልያ ንገረን ብትሉኝ አዳራሹ ቢሞላ አይገርመኝም ነበር። ስለ ቁጥቋጦ ላወራ ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ግን ገርሞኛል። ቁጥቋጦ ማን ያያል? ተራራ ስንወጣ የሁላችንም ዓይን ሩቅ ነው። ገደሉን እናያለን። ጭላዳውን እናያለን። ፎቶ እንነሳለን። እጅጌያችንን እየጎተተ የሚያሳልፈንን ቁጥቋጦ ግን አናየውም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰሜን ተራሮች የሄዳችሁ እጅ አውጡ። ኦ፣ ብዙ ናችሁ። ባሌስ? እሺ። አሁን ደግሞ አስታን አውቀዋለሁ የምትሉ እጅ አውጡ። አያችሁ? እጁ ሁሉ ወረደ። ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግሩ የሄደ ሰው አስታን ሳያይ አይመለስም። በመሃሉ ነው ያለፋችሁት። ጥላው ሥር ቁጭ ብላችሁ ምሳ በልታችኋል።

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ መልኩ። ሁለተኛ፣ የሚኖርበት ቦታ። ሦስተኛ፣ እሳት። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ። የመጣሁትም ለእሱ ነው። ተክል በቅጠሉ ብቻ አይለይም፤ የቆመበት ቦታም ይናገራል።

ስሙን ቶሎ እንጨርሰው። በአማርኛ አስታ ነው፤ ውጫና የሚሉትም አሉ። በኦሮምኛ ሳቶ። በሳይንሱ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1753። ኤሪካ የሚባለው ወገን ከ800 በላይ ዝርያ አለው። አብዛኞቹ የሚገኙት ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ፣ ኬፕ አካባቢ ነው። የእኛው አስታ የዚያ ትልቅ ቤተሰብ ተራራ ወጪ ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ መልኩ።

በቁመቱ አትጀምሩ! ደግሜ እላለሁ፣ በቁመቱ አትጀምሩ። ምክንያቱን በአንድ ጉዞ ልንገራችሁ። ባሌ ውስጥ ተማሪዎች ይዤ ከጎባ ወደ ሳነቴ ሜዳ እየወጣን ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ኮሶና አሜጃ የሚባሉት ዛፎች ይቀበሏችኋል፣ ከዚያ አስታው ይጀምራል። ሽቅብ በተጓዛችሁ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። አፋፉ ጋ ስትደርሱ ጉልበት አይደርስም። ከዚያ ሜዳው ይከፈታል፣ 4,000 ሜትር ላይ፣ ጅብራው ብቻውን ቆሞ። አቋረጥነውና በደቡብ በኩል ቁልቁል ወደ ሪራ ወረድን። እዚያ ጫካ ገባን። ግንዱ የተጣመመ፣ ከላያችን የገጠመ፣ ከየቅርንጫፉ ጢም መሳዩ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት ጫካ። መኪናውን አስቁሜ «ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ዝም። «ጠዋት ያያችሁት አስታ ነው» አልኩ። አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ይሄማ ዛፍ ነው!» አለችኝ። አለማመኗን ወደድኩላት። ስልኳን አውጪ፣ ጠዋት ያነሳሽውን አሳይኝ አልኳት። መሬት ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ አነሳን። የስልኩን ፎቶ አሰፋችው፣ ቅርንጫፉን ከጎኑ አስጠጋችው። ቅጠል በቅጠል ቆጠረች። ከዚያ ምንም አላለችም፤ አጉሊ መነጽሬን ተቀብላኝ ወደ ጫካው ገባች።

ምን ነበር የቆጠረችው?

ቅጠሉ እንደምታውቁት ቀጭን ነው፣ መርፌ መሳይ። ርዝመቱ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ከቀንበጡ ላይ አንድ ቦታ ያዙና ዙሪያውን ቁጠሩ። ሦስት ቅጠል ከአንድ ቦታ ይወጣል፣ አንዳንዴ አራት። ከፍ ስትሉ ደግሞ ሌላ ሦስት። አሁን አንዷን ቅጠል ገልብጡ። ሆዱ አይታይም! ጠርዙ ከሁለቱም በኩል ወደ ታች ታጥፎ ሸፍኖታል። ጋቢውን ጥቅልል አድርጎ እንደተቀመጠ ሰው ነው። በመሃል የምትታየው ቀጭን መስመር ብቻ ናት። ተክሉ አየር የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ቀዳዳ እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ለምን ተደበቀ? ነፋሱ ውሃውን እንዳይመጠምጠው። ይህን ያዙልኝ፣ ስለ ቦታው ስናወራ እንፈልገዋለን።

አሁን ከኋላ አንድ ሰው «የጥብስ ቅጠል አይደለም ወይ?» ሲል ሰማሁ። ግሩም ጥያቄ! ሮዝመሪም ቅጠሉን ይጠቀልላል። ግን የሮዝመሪ ቅጠል በጣም ይረዝማል፣ ፊት ለፊት ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሽታችሁ አሽትቱት። ሮዝመሪ ከሆነ እጃችሁ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይላል። አስታ ያ ሽታ የለውም። የሚያስቸግረው ሮዝመሪ አይደለም፣ ለጋ ጥድ ነው። የአበሻ ጥድ ትንሽ ሳለ ቅጠሉ መርፌ ነው፣ እሱም ሦስት ሦስት ይሆናል። ታዲያ በምን ይለያል? በእጃችሁ ዳብሱት። ጥዱ ይወጋል። አስታ አይወጋም፤ ሻካራ ነው እንጂ ጫፉ አይወጋም። በዚያ ላይ ጥድ የሙጫ ሽታ አለው።

ስልካችሁ ላይ ያለውን አፕ የምታምኑ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ። አፑ ያሳያችሁትን ፎቶ ብቻ ነው የሚያየው። የት እንደቆማችሁ፣ ምን እንደነካችሁ አያውቅም። እኔ አፕ አልጠላም፤ ለመነሻ ይሆናል። የመጨረሻውን ቃል ግን ለእጃችሁና ለአፍንጫችሁ ተዉ።

አበባ ካገኛችሁማ ነገሩ አለቀ። ነጭ ነው፣ ደወል መሳይ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ። አፉ ላይ አራት ቦታ ይከፈላል። በአጉሊ መነጽር ውስጡን እዩት፤ ስምንት ጥቁር ቡናማ የአበባ ዱቄት ከረጢቶች ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ በመሃላቸው አንዲት ነጭ ዘንግ ብቅ ብላ ወጥታለች። አንዱ አበባ ብቻውን ከቁም ነገር አይገባም። ግን በሺዎች ነው የሚያብበው። ቁጥቋጦው ሙሉ በሙሉ ይነጣል፣ ንብ ይወረዋል። አበባው ሲደርቅ ደግሞ አይረግፍም፤ ቡናማ ሆኖ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ወቅቱ ቢያልፍባችሁም ፈልጉ፣ ደረቁን ታገኙታላችሁ።

ደረቁን ለምን ልፈልግ? ምክንያቱም አስታ ወንድም አለው። ባሌ በተለይ። ኤሪካ ትሪሜራ ይባላል፤ ዱሮ ፊሊፒያ የሚባል ሌላ ወገን ውስጥ ነበር የሚመደበው። በቅጠሉ ስታዩት ያው ነው። በሩቅ ስታዩት ያው ነው። አበባው ግን ነጭ ደወል አይደለም፤ ትንሽዬ፣ ደብዛዛ ነገር ናት፣ ዓይን አትስብም። ንብ አያስፈልጋትማ! ዱቄቷን የሚያመላልሰው ነፋስ ነው። ከአበባዋ ሥር ያሉትን ትንንሽ መደገፊያ ቅጠሎች እዩ። የአስታ እኩል ናቸው። የወንድሙ ግን አንዱ ከሌሎቹ ይረዝማል። ከዚህ በላይ ለመለየት የምትፈልጉ ለጋውን ቀንበጥ በአጉሊ መነጽር እዩ። የአስታ ጸጉር ቅርንጫፍ አለው፤ አንዷ ጸጉር ራሷ ትንሽ ዛፍ ሆና ታገኟታላችሁ። ይህን መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ!» ሳይል አያልፍም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ቦታው።

የት ነው የሚኖረው? አያቶቻችን ሀገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። የመጨረሻው የገብስ ማሳ የሚያበቃበትን አስቡት። ከዚያ በላይ ሰው አያርስም። አስታው ዋናውን መንደሩን የመሠረተው እዚያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ እስከ 3,800፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ እስኪል። ሰሜን፣ ባሌ፣ ጮቄ፣ ጉና፣ አቡነ ዮሴፍ። ሥሩ ጦስኝ ታገኛላችሁ፣ መሃሉ ጓሳ፣ ከላዩ ጅብራ።

አሁን ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ይኸው ተክል፣ ዘመዱ ሳይሆን ራሱ ተክሉ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርም አለ። ኮርሲካ ላይ፣ ሰርዴኛ ላይ፣ ከባሕሩ ብዙ ሳይርቅ ይበቅላል። ካናሪ ደሴቶች ላይ ጫካ ሠርቷል። እኛ ጋ 3,500 ሜትር ላይ ብርድ እየጠጣ የሚኖረው ተክል እዚያ ባሕር እያየ ይኖራል! እንዴት ይሆናል?

እንዴት ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ እንጂ!

ለተክሉ ከፍታ ቁጥር ነው፤ እሱ ሜትር አይቆጥርም። እሱ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ነፋስ አለ ወይ? ባሕር ዳርም አለ፣ ተራራ ላይም አለ። አፈሩ ድሃና ኮምጣጣ ነው ወይ? እዚያም ነው፣ እዚህም ነው። ውሃ እያለ መጠጣት የሚያቅትበት ጊዜ አለ ወይ? እዚያ በበጋው ድርቅ ነው፣ እዚህ በጠዋቱ ውርጭ ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ፀሐይዋ ግን ቅጠሉን መምታት ጀምራለች። ያቺን የተጠቀለለች ቅጠል አስታወሳችኋት? መልሱ እሷ ናት። ለሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቅጠል ይሠራል። ሥሩ ላይ ደግሞ ሌላ ባልደረባ አለው። ጸጉር የመሰሉት ሥሮቹ ውስጥ ፈንገስ ይኖራል። ፈንገሱ ከድሃው አፈር ምግብ ፈልቅቆ ለተክሉ ይሰጣል፣ ተክሉ ስኳር ይከፍለዋል። ሌላው ተክል ጦሙን በሚያድርበት አፈር ላይ አስታ የሚወፍረው ለዚህ ነው።

ከሜዲትራኒያን እስከ እኛ ድረስ ያለውን በረሃ እንዴት ተሻገረው የምትሉ ካርታ ተመልከቱ። ቻድ ውስጥ፣ ሰሃራ መሃል፣ ቲቤስቲ የሚባል ተራራ አለ። እዚያ አናት ላይ አስታ አለ! ከእኛ ወደ ደቡብ ደግሞ ኬንያ ተራራ፣ ኪሊማንጃሮ፣ ሩዌንዞሪ። ዘሩ አቧራ ነው ማለት ይቻላል፣ ነፋስ ያነሳዋል። ዓለም በቀዘቀዘበት ዘመን ደግሞ ቅዝቃዜው ወደ ታች ወርዶ ስለነበር ተራሮቹ ዛሬ ያሉትን ያህል ተራርቀው አልነበሩም፣ ለእሱ ማለቴ ነው።

ግን ተራራ ላይ ሁሉ አለ ማለት አይደለም። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፣ አንድ እረኛ አባት ናቸው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ነው። ተዳፋቱን ስናይ አስታ በአስታ ነው። ሸለቆው መሃል፣ ሜዳው ላይ፣ አንድም የለም። ሣር ብቻ። ሰው ጨፍጭፎት ይሆናል ብዬ ማሰቤ አልቀረም። «አባቴ፣ እዚህ ታች አስታ የጠፋው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ «ውርጩ የሚተኛው እዚህ አይደል እንዴ ልጄ! እኛስ መቼ እዚህ እናድራለን?» አሉኝ። ይኸው ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከተዳፋቱ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ ይሞቃል፣ ከታች ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ በክረምት ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ አስታ ደግሞ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም። ስለዚህ ተዳፋቱን ይመርጣል፣ ድንጋያማውን ይመርጣል፣ ውሃ የሚያልፍበትን ይመርጣል። እረኛውም እንደ አስታው ተዳፋቱ ላይ ነው የሚያድረው። እኔ ከዚያ ወዲህ ድንኳን ስተክል አስታ ያለበትን እፈልጋለሁ። እናንተም ሞክሩት።

ሌላው ጭጋግ ነው። ጭጋግ በሞላበት ጠዋት አስታ ጫካ ውስጥ ቁሙ። ዝናብ የለም። እናንተ ግን ትረጥባላችሁ። ጭጋጉ በነዚያ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ቅጠሎች ላይ ይጠራቀምና ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከጫካው ወጥታችሁ ሣሩ ላይ ስትቆሙ የለም። ወንዞቻችን ከእነዚህ ተራሮች ነው የሚነሱት፤ ማገዶ ብቻ አድርገን የምናየው ቁጥቋጦ ውሃ እየለቀመ ነው።

ጊዜው ሄዷል መሰለኝ። ሰዓት ጠባቂያችን እያየኝ ነው። ሦስተኛውን ቶሎ ልበል። እሳት።

አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል። ለምለም አረንጓዴ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ሰሜን ተራሮች ሲነድ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። የነደደው ሣሩና ይኸው አስታ ነበር።

ግን ከነደደ በኋላ ይሞታል? አይሞትም! ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንጨት የሆነ ትልቅ እብጠት አለው። እሳቱ የላዩን ይበላል፣ እብጠቱ ይተርፋል፣ ከእሱ ላይ አዲስ ቀንበጥ ይፈላል። ፈረንጆች ከዚህ እብጠት የትምባሆ ፒፓ ይሠሩበታል። ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ክሎድ የሚባለው ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። እሳት የማይበላው እንጨት ለፒፓ ቢመረጥ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ተራራ ስትወጡ ግንዱን ቁጠሩ። ከአንድ እግር ብዙ ቀጫጭን ግንድ ከወጣ፣ ያ ቦታ ነድዷል ወይም ተቆርጧል። አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ካለው፣ ለረጅም ጊዜ ማንም አልነካውም። ወደ ተዳፋቱ ራቅ ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ቁመቱ በየቦታው ይለያያል። እዚህ ጉልበት የደረሰ፣ እዚያ ከሰው የበለጠ፣ መሃላቸው ድንበር የተሰመረ። ያ ድንበር እሳት የቆመበት ነው።

ባሌ ከብት አርቢዎች አስታውን ሆን ብለው የሚያቃጥሉት ለግጦሽ ነው። ያረጀው ሲወፍር ከብት አያሳልፍም፤ ሲነድ ሣር ይወጣል፣ ለጋው ቀንበጥም ይበላል። ቶሎ ቶሎ እናቃጥል እያልኩ አይደለም። በየጊዜው የሚቃጠል አስታ የሪራውን ጫካ አይሆንም፣ በሽበት የተሸፈነውን። ግን እሳት ክልክል ነው ብሎ ታፔላ መስቀል ብቻም አይበቃም። ለጋው ለጥቂት ዓመታት በቀላሉ አይነድም። ሁሉም ካረጀ ግን አንድ ክብሪት ተራራውን ሁሉ ይወስዳል። በዚህ ጉዳይ እረኞቹን ሳያማክር ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አይገባኝም። የትኛው ተዳፋት ለመንደድ እንደደረሰ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ ባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መዝገቡ ላይ የእኛ ስም አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። ሰሜን ወይም ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ወደ ምዕራብ እዩ፤ ወጨጫ አለ። አናቱ 3,385 ሜትር ነው። በመናገሻ ሱባ ጫካ በኩል ስትወጡ ጥዱን ታልፋላችሁ፣ ኮሶውን ታልፋላችሁ፣ አናቱ ጋ ስትቃረቡ አስታው ይጀምራል። በቀጣዩ ጉዟችን እዚያ ነው የምንሄደው።

እያንዳንዳችሁ ሦስት ፎቶ ይዛችሁ እንድትመለሱ እፈልጋለሁ። አንዱ ከሩቅ፣ ተክሉና የቆመበት ተዳፋት አብረው የሚታዩበት። ሁለተኛው ከሥሩ፣ ግንዱ ስንት እንደሆነ እንዲቆጠር። ሦስተኛው ቀንበጡን በጣም ቀርባችሁ፣ ጣታችሁን ከጎኑ አድርጋችሁ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከፎቶው ጋር ከፍታውን ጻፉ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመታው ጻፉ፣ አጠገቡ ምን ምን እንደበቀለ ጻፉ። መቅጠፍ አይፈቀድም። የወደቀ አንሱ፣ እዩ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ።

አጉሊ መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። የሌላችሁ ከእኔ ትዋሳላችሁ፣ መመለሱን ግን አትርሱ። ሹራብም ያዙ፣ አናቱ ላይ ይበርዳል። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ፤ መጀመሪያ ያቺ እጇን አውጥታ የቆየችው እህታችን፣ ማይኩን አቀብሏት።